በየጤና ጣቢያው የሥነ ልቦና ምክር እንዲሰጠን የቀረበ አቤቱታ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አቅማችን የሚችለው ሙያዊ የምክር አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች እንዲጀመርልን ስለመጠየቅ

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሰፈር የምንኖር የመረዳጃ እድር አባላት ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን። ጽሑፉን እንዳዘጋጅ ጠቅላላ ጉባኤው የወከለኝ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነርስነት አገልግያለሁ፤ ከአገልግሎት ዘመኔም አብዛኛውን ያሳለፍኩት በኤች አይ ቪ የምክርና ምርመራ ክፍል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምንጠይቀው ነገር በዚህች አገር ሊሠራ እንደሚችል ሠርቼበት ስለማውቅ ነው።

አቤቱታ የማቅረብ መብታችን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተደንግጓል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ይጥልበታል። በእነዚህ አንቀጾች ተደግፈን አቤት ስንል የመሥሪያ ቤታችሁን ችግር ዘንግተን አይደለም። ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የመድኃኒት እጥረቱ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመጣው የዋጋ ንረት ከየአቅጣጫው እንደያዛችሁ እናውቃለን። እኛንም የያዙን እነዚሁ ናቸው።

የእድር ሥራ ይታወቃል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ወንበርና ብርጭቆ ከእድር ቤት ይወጣል። ሐዘንተኛው በእነዚያ ቀናት ብቻውን አይተውም፤ ማታም አብሮት የሚያድር አይጠፋም። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነውና እያንዳንዱን በሥርዓቱ እንሸኛለን፣ ቤተሰቡንም በሥርዓቱ እናጽናናለን። ወላጆቻችን ይህን ሁሉ ያቆዩልን ሐዘን ሰውን ብቻውን እንዳያገኘው ብለው ነው፤ ለብዙው ሰውም ይበቃዋል። ለአንዳንዱ ግን አይበቃውም። ድንኳኑ ከተነቀለ ከወራት በኋላ ሰውየው እየከሳ፣ ከሰው እየራቀ፣ መጠጥ እያበዛ ሲሄድ የምናየው እኛ ነን። ወርሃዊ መዋጮ ሊከፍል ሲመጣ ፊቱን እናያለን፤ መዋጮውን ሲያቆም ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቃለን። ምን ሆንክ ስንለው ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ወዴት ሂድ እንደምንለው አናውቅም። አቤቱታችን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን አንጠቅስም። የበኩር ልጇን በሰሜኑ ጦርነት አጣች። መርዶው የደረሳት ልጁ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ አስከሬን አልመጣላትም፣ የት እንደተቀበረም አታውቅም። ድንኳን ተክለን አብረናት አለቀስን፣ ተዝካሩም ወጣ። እርሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ደረቷን ይወጋታል፣ ራሷን ያማታል፣ ምግብ ሲቀርብላት ጉሮሮዋ ይዘጋል። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት። ስትመለስ ማስታገሻ ጨመሩላት። አንድ ቀን አንድ ወጣት ጤና መኮንን ጊዜ ወስዶ ሲጠይቃት አልቅሳ ነገረችው፤ እርሱም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። እዚያ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ ከሐኪሙ ጋር የተገናኘችው ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ሐኪሙን አንከስም፤ አብሬያት ሄጄ ነበርና ኮሪደሩን የሞላውን ሕዝብ አይቻለሁ። መድኃኒት አዘዘላት። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንደሚሰጣት፣ የበለጠ የሚረዳት ግን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየጊዜው ተቀምጦ መነጋገር እንደሆነ፣ እነርሱ ጋ ለዚያ የሚሆን ሰውም ክፍልም እንደሌለ፣ በግል ብትሞክር እንደሚሻላት በቅንነት ነገራት።

በግል ሞከረች። ለአንድ ሰዓት የተጠየቀችው ክፍያ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ በሳምንት ከምታተርፈው ይበልጣል። ዘመድና ጎረቤት አዋጥቶላት ገባች። ስትወጣ ያለችኝን እንዳለ እጽፋለሁ፦ «እስከ ዛሬ የልጄን ስም ባነሳሁ ቁጥር ሰው ሁሉ አታልቅሺ፣ ፈጣሪን ታስቀይሚያለሽ ይለኝ ነበር። ይቺ ልጅ ግን ስለ ልጅሽ ንገሪኝ አለችኝ።» ያን ሌሊት ተኛች። ባለሙያዋ ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ እንድትመጣ ነግራት ነበር፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚከፈል ግን አልተገኘም። ከእድሩ ካዝና ልናወጣላት ተነጋግረን ነበር፤ መተዳደሪያ ደንባችን ገንዘቡን ለቀብርና ለሐዘን እንጂ ለሕክምና አይፈቅድም። ክቡራን ሆይ፣ ይህች ሴት ብትሞት ለቀብሯ የሚወጣው ገንዘብ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባልን አድገናል። እርሷ አልደበቀችም። ለጤና መኮንኑም፣ ለሐኪሙም ተናግራለች። አእምሮዋን አልሳተችም፣ አልጋ ይዛ መተኛትም አያስፈልጋትም። ያጣችው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በር የሚዘጋበት ክፍል፣ ማዳመጥ የተማረ ሰው ነው።

የእርሷን ታሪክ ያስረዘምኩት ከመጀመሪያው እስካሁን ስለማውቀው ነው እንጂ ብቸኛ ስለሆነች አይደለም። ከቤሩትና ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰው በራቸውን ዘግተው የሚውሉ ልጆች አሉን፤ እዚያ የደረሰባቸውን ለእናታቸው መናገር አይችሉም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተነሥተው ወደ ሰፈራችን የመጡ አዛውንቶች አሉ፤ ቤት ተሰጥቷቸዋል፣ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ጉርብትና ግን ተበትኖባቸዋል። ከሚስቱ ተለያይቶ ልጆቹን በሰዎች ሽምግልና ብቻ የሚያይ አባት አለ። ወልዳ ሕፃኗን ማቀፍ ያስፈራት፣ ይህንንም ለአማቷ መንገር ያሳፈራት ሙሽራ ነበረች።

ስለ ተማሪዎቹ ለብቻ እናገራለሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። ፈተናው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነውና አንገባበትም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ውጤቱ በስልክ በሚታይበት በዚያ አንድ ቀን በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ሕይወታቸው ያበቃ እንደሚመስላቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ቀኑም ይታወቃል፣ የልጆቹ አድራሻም ይታወቃል። እንዲህ ቀድሞ የሚታወቅ ጭንቀት ሲመጣ የሚጠብቃቸው ሰው በየቀበሌው አለመኖሩ ሊጸጽተን ይገባል። ውጤቱ በወጣ ሰሞን በሰፈራችን እናቶች ልጆቻቸውን ሌሊት እየተነሡ ያዩ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች ዛሬ ያሏቸው በሮች የሚታወቁ ናቸው። አንደኛው የሃይማኖት አባቶች በር ነው። የነፍስ አባትን፣ ጸበልን፣ ሼኽንና ዱዓን አናሳንስም፤ አብዛኞቻችን በዚያ ተጽናንተናል፣ ነገም እንሄዳለን። ነገር ግን አባቶች ራሳቸው ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸውን ሰው ወደ እኛ ይዘው መጥተው «ሐኪም አሳዩት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው በር አማኑኤል ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ብቻውን ተሸክሟል፤ የሳይካትሪ ነርሶችን አሠልጥኖ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል የላከውም እርሱ ነው። ባለሙያዎቹን እናከብራለን። ይሁን እንጂ በሐዘን እንቅልፍ ያጣች እናት ወይም በውጤቱ የተሰበረ ተማሪ ወደ አማኑኤል ሂድ ቢባል አይሄድም፤ ቢሄድም ቦታው የተሠራው ለከበደው ሕመም ስለሆነ የሌላውን ሰው ወረፋ ያረዝማል። በቤተ እምነቱና በሆስፒታሉ መካከል ያለው ሰፊ ስፍራ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ስፍራ የቆመው የግል አገልግሎት ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚከፍለው የሚችል ሰው ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ ይህን እንደሚያውቅ እናውቃለን። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያም ሌላ ተተካ። ሁለቱም የአእምሮ ጤና አገልግሎት በጤና ጣቢያ ደረጃ ይሰጥ የሚሉ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን ጀምሯል። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕሙማንን በአካባቢያቸው ማከም እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። ያው ሥራ ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች መለየት ሲቻል፣ በድብርት የሚሠቃዩት ግን ጤና ጣቢያ እየመጡ ሳይለዩ ይመለሱ ነበር። ምክንያቱን የእኛዋ እናት ታስረዳለች። ራሴን አመመኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣብኝ ብላ ነው የምትገባው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ነርሷ የምትጠይቅበት ጊዜ የላትም፣ ብትጠይቅና ቢነገራት እንኳ የምትልክበት ክፍል የለም። መላኪያ የሌላት ነርስ መጠየቅ ብታቆም አልፈርድባትም። ሥልጠና ብቻውን አይበቃም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሚጠይቀው ሰው ጀርባ የሚያዳምጥ ሰው በቋሚነት መቀመጥ አለበት።

ይህ ደግሞ ተሠርቶ ያውቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈሮቻችንን ሲያራግፍ እድሮች በሳምንት ደጋግመው ድንኳን ይተክሉ ነበር። ያኔም ባለሙያ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ሕዝቡ አይናገርም ይባል ነበር። ሆኖም በየጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ተለየ። በሩ ይዘጋል። የመጣው ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥር ይመዘገባል። እኛ ተራ ነርሶች አጭር ሥልጠና ወስደን ገባንበት፤ ምን እንደሚባል ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚባል፣ ሰው ሲያለቅስ ቶሎ አይዞህ ብሎ አለማቋረጥን ተማርን። ከምርመራው በፊት እንነጋገራለን፣ ውጤቱን ስንነግር እንነጋገራለን፣ ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ይዘን እንገናኛለን። በጥር 1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወንዶችና ሴቶች ራሳቸው ሠልጥነው መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚመልሱ ሆኑ። እናቶች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸው ቡድኖች ተቋቋሙ። ለምክሩ ማንም ገንዘብ አልተጠየቀም።

በዚያ ክፍል ስሠራ ያየሁትንና እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ልናገር። ውጤቱ ነፃ የሆነ ሰው ደስ ብሎት ወዲያው ይወጣል ብዬ እጠብቅ ነበር። ብዙዎቹ ወንበሩን አይለቁም ነበር። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ይላሉ። ባሏ ስለሚደበድባት ትነግረኛለች፤ የሞተው ወንድሙ በሕልሙ እየመጣ እንቅልፍ እንደነሳው ይነግረኛል፤ አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ ለማንም ያልተናገረችውን አጎቷ ያደረሰባትን ነገር እዚያ ወንበር ላይ ተናግራለች። ወደዚያ ክፍል የመጡት በከተማው ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ስም ሳይጠየቅ፣ ያለ ክፍያ የሚያዳምጥ ሰው የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ስለነበረ ነው። ውጭ ወረፋ ነበረ፤ መዝገቤም ላይ ለእነርሱ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። አይዞህ፣ አይዞሽ ብዬ አሰናበትኳቸው። የዛሬው አቤቱታ ስለ እነዚያ ሰዎችም ጭምር ነው። ሕዝቡ ስሜቱን አይናገርም፣ ባህሉ አይፈቅድም ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው፤ ክፍሉ ሲከፈት ተናግሯል።

ያ ሥራ በአብዛኛው በግሎባል ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ እንደተሠራ አንክድም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በዚሁ ዘርፍ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጦ ቤታቸው ገብተዋል። ከእነርሱ መካከል ሰው እንዴት እንደሚደመጥ ለዓመታት የተለማመዱ አሉ። አገሪቱ በብዙ ድካም ያገኘችው ይህ ችሎታ ተበትኖ ከመጥፋቱ በፊት ወደዚህ ሥራ እንዲመለስ አጥብቀን እንጠይቃለን። በየዩኒቨርሲቲው በሥነ ልቦና ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ወጣቶችም አሉ፤ ከእኛ አባላት ልጆች መካከል እንኳ በሥነ ልቦና ዲግሪዋ ሱቅ የምትጠብቅ አለች። ባለሙያ የለም የሚለው ቃል ሙሉ እውነት አይደለም። ያለውን ሰው የሚቀጥር መደብ ነው የሌለው።

ገንዘቡ ብዙ ይሆናል ተብሎ እንዳይፈራ አንድ የአፍሪካ አገር ምሳሌ እናቅርብ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አሉ፤ አንዲት ታካሚያቸው ራሷን አጠፋች፤ ወደ ሆስፒታሉ ያልተመለሰችው ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር በማጣቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐኪሙ በሐራሬ ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። እነዚህ እናቶች በጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሠለጠኑበት መንገድ፣ የመጣው ሰው ካሉበት ችግሮች አንዱን መርጦ እንዲፈታ ደረጃ በደረጃ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሏል፤ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበረባቸው በአያቶቹ ከተረዱት ውስጥ 14 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ የተለመደውን ክትትል ካገኙት ውስጥ ግን 50 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ሐኪም ያልሆነ ሠልጣኝ የሚሰጠው የምክር ዘዴ አዘጋጅቶ በፓኪስታንና በኬንያ ሞክሮታል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ስሌት ለድብርትና ለጭንቀት ሕክምና የወጣ አንድ ዶላር በጤናና በሥራ ፍሬ አራት ዶላር ይመልሳል። እኛም ስሌቱን በሰፈር እናየዋለን፤ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት በሐዘኗ ምክንያት ምጣድ ባልጣደችባቸው ሳምንታት ልጆቿ በልተው ያደሩት በጎረቤት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ። ከሁሉ በፊት በእያንዳንዱ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና በቋሚነት የተቀጠረ አንድ የምክር ባለሙያ ይመደብልን። ክፍያው ከተለመደው የካርድ ክፍያ አይብለጥ፤ መክፈል ለማይችለውም በነፃ ሕክምና መታወቂያ ይሰጥ። የምክር ባለሙያው ብቻውን እንዳይተው በየክላስተሩ አንድ የሳይካትሪ ነርስ በየሳምንቱ እየመጣ የከበዱትን ጉዳዮች አብሮ ይይ፤ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ከእውነታ የተለያየ፣ በመጠጥ ወይም በጫት የተያዘ ሰው ሲገኝ ዕለቱን ወደሚመለከተው ሆስፒታል የሚደርስበት መንገድ በጽሑፍ ይታወቅ። ይህን ስንጠይቅ አማኑኤልንና ሌሎቹን ሆስፒታሎች ማገዛችን ነው።

ከየእድሩ የታመኑ፣ ምሥጢር በመጠበቅ የታወቁ፣ ዕድሜያቸው የጠና ሴቶችና ወንዶች ተመርጠው ይሠልጥኑ። እዚህ ላይ አንድ ሥጋት ስላለን ራሳችን እናነሣዋለን። በሰፈር የተነገረ ነገር በሰፈር አይቀርም፤ ቡና ላይ የወደቀ ምሥጢር ማታ ሌላ ቤት ያድራል። ስለዚህ ሠልጣኙ በሚኖርበት ሰፈር እንዳያገለግል፣ የአንዱ እድር ሰው ወደ ሌላው ወረዳ እንዲመደብ፣ ተገልጋዩም እንደ ቀድሞው በቁጥር እንዲመዘገብ፣ ምሥጢር ያወጣም እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። ያለዚህ ጥበቃ አገልግሎቱ ቢከፈት ሴቶቹ አይመጡም፤ ከልምዴ አውቃለሁ።

ስለ ጤና መድን ደግሞ ይህን እንላለን። ብዙዎቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ነን፤ መዋጮአችንን በየዓመቱ እንከፍላለን። መድኑ መድኃኒቱንና ምርመራውን በመንግሥት ተቋም ይሸፍናል። ነገር ግን የምክር ቀጠሮ በመንግሥት ተቋም ካልተሰጠ ሽፋኑ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ባዶ ነው። ደመወዝተኛውን ይመለከታል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ም አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። በሁለቱም የመድን ዓይነቶች የጥቅም ዝርዝር ውስጥ የምክር ቀጠሮዎች በስማቸው ተጠቅሰው እንዲገቡ፣ ጤና ጣቢያው ባለሙያ በሌለው ጊዜም መድኑ ፈቃድ ካለው የግል ባለሙያ ጋር በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲዋዋል እንጠይቃለን።

በግል የሚሠሩትን አንጠላም፤ ያቺን እናት አንድ ሌሊት ያስተኛቻት የግል ባለሙያ ናት። የሚያሳስበን ማን ባለሙያ እንደሆነና እንዳልሆነ ሕዝቡ መለየት አለመቻሉ ነው። ጥቂት ቀን ኮርስ የወሰደም፣ በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያለውም፣ ዓመታት የተማረውም በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ተመሳሳይ ዋጋም ይጠይቃሉ። በስልክ ገንዘብ አስልከው የተደፈረችን ልጅ «አንቺም ጥፋት አለብሽ» ብለው የመለሱ መኖራቸውን ከተጎጂዋ አፍ ሰምተናል። ስለዚህ ፈቃድ ያላቸው የምክር ባለሙያዎች ስም ዝርዝር በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ዋጋቸውም በራቸው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከቀጠሮዎቻቸው ጥቂቱን ለዝቅተኛ ገቢ ሰው በቅናሽ የሚሰጡት የግብር ወይም ሌላ ማበረታቻ ይታሰብላቸው።

ለተማሪዎቹ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሳምንት በየትምህርት ቤቱ የሠለጠነ ሰው ይቀመጥ። ጤና ሚኒስቴር ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ይነጋገርልን። ይህ ሥራ የበጀት ዓመት እንኳ ሳይጠብቅ በሚቀጥለው የውጤት ጊዜ ሊጀመር ይችላል ብለን እናምናለን።

እኛም በበኩላችን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም። የእድራችን ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ዕቃውን አጣብቦ ሌላውን ክፍል በሳምንት ለሁለት ቀን ያለ ኪራይ ለዚህ አገልግሎት ለመስጠት ወስኗል፤ በሩም ቁልፉም የተስተካከለ ነው። ለሥልጠና የሚቀርቡ ሰዎችን መርጠናል። መተዳደሪያ ደንባችንንም ለማሻሻል ተስማምተናል፤ ከወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ተቀንሶ በሕይወት ላለ አባል የምክር ቀጠሮ መጓጓዣ እንዲውል ረቂቁ ተዘጋጅቷል። እኔም ጡረተኛ ብሆን ባለሙያ እስኪመደብ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ክፍያ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሆኖም ያለ ፈቃድና ያለ ተቆጣጣሪ ልጀምረው አልፈልግም፣ አይገባምም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን። የምንጠይቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይሆን እንረዳለን፤ የሚቻለውን ከማይቻለው ለይታችሁ፣ የሚቻለው መቼ እንደሚጀመር ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉልን። በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልደረሰን ይህንኑ አቤቱታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአካል ቀርበን እናስገባለን። ስለ ክፍሉ ሁኔታም ሆነ ስለተመረጡት ሰዎች ለማጣራት ባለሙያ ብትልኩ የእድሩ ሥራ አስፈጻሚ ዘወትር እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ቤት ይገኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የእድሩ ጸሐፊ፣ ስለ እድሩ አባላት
(ፊርማና ማኅተም አለው)

አባሪ፦ አቤቱታውን የደገፉ አባላት ፊርማ፤ የጠቅላላ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት